ከአላባማ ገጠር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፡ የዳኛ ሁጎ ብላክ ሕይወት

በደቡባዊ አሜሪካ በምትገኘው የአላባማ ግዛት፣ ክሌይ በተሰኘው ኮረብታማ አውራጃ፣ ሁጎ ብላክ በ1886 ከግንድ በተሠራ ቤት ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁጎ ለወላጆቻቸው ስምንተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ አሽላንድ ወደምትባለው የአውራጃው ዋና ከተማ ተዛወረ፤ አባታቸውም በዚያ በሱቅ ንግድ ይተዳደሩ ጀመር። የአውራጃው ፍርድ ቤት በከተማዋ ስለነበር ልጁ ሁጎ ችሎት እየገቡ የጠበቆችን ክርክር ማዳመጥ ልማዳቸው ሆነ።

በወጣትነታቸው አንድ ዓመት ሕክምና ተምረው ነበር። ልባቸው ያዘነበለው ግን ወደ ሕግ ነበርና በ1906 በ20 ዓመታቸው ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። በአሽላንድ የከፈቱት ቢሮ ብዙም ሳይቆይ በእሳት ስለወደመ ወደ በርሚንግሃም ከተማ ሄዱ። በዚያን ዘመን አላባማ እስረኞቿን ለማዕድን ቆፋሪዎችና ለሌሎች ድርጅቶች በኪራይ ትሰጥ ነበር። ወጣቱ ጠበቃ ከተፈረደበት ጊዜ በላይ ታስሮ እንዲሠራ ለተደረገ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቆመው ካሳ አስፈረዱለት። ቆይተውም የአውራጃ ዐቃቤ ሕግ ሲሆኑ፣ በቤሰመር ከተማ ፖሊሶች ተጠርጣሪዎችን እየደበደቡ የእምነት ቃል እንደሚቀበሉ መርምረው አጋለጡ።

የእኒህ ሰው ሕይወት ግን ጥላም አለበት። በ1923 ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን የነጮች የበላይነት አራማጅ ማኅበር ተቀላቀሉ። በ1925 መልቀቂያ ቢያስገቡም፣ በቀጣዩ ዓመት ሴኔት ለመግባት ባደረጉት ውድድር የማኅበሩ ድጋፍ አልተለያቸውም። በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። ሹመቱ በጸደቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን አንድ ጋዜጣ ያለፈ ታሪካቸውን አወጣው፤ አገሩም በቁጣ ተነሣ። ብላክ በሬዲዮ ቀርበው አባል እንደነበሩና ማኅበሩን እንደተዉ ተናገሩ፤ ከዚያም በወንበራቸው ተቀመጡ። ድኻና ጥቁር ከእርሳቸው ፍትሕ ማግኘቱን የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ።

የደረሱበት ትልቅ ክርክር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነበር። በ1791 በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ አሥር ማሻሻያዎች ተጨምረዋል። የመናገርና የማምለክ ነጻነት፣ ቤት ያለ በቂ ምክንያት እንዳይበረበር የሚሰጠው ጥበቃ፣ በራስ ላይ እንዲመሰክሩ አለመገደድ፣ የጠበቃ ርዳታ ማግኘት፣ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ መቀበል የተጻፉት በእነዚህ ውስጥ ነው። ይሁንና በ1833 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እነዚህ መብቶች የሚያስገድዱት ፌዴራል መንግሥቱን ብቻ ነው ሲል ወሰነ። ከሳሹ በባልቲሞር ከተማ የመርከብ ማራገፊያ ነበራቸው፤ ከተማዋ አቅጣጫቸውን ያስቀየረቻቸው ጅረቶች ደለል አምጥተው ማራገፊያውን ከጥቅም ውጭ ስላደረጉባቸው ካሳ ቢጠይቁም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጉዳቱ የካሳ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ተራው ሰው በየዕለቱ የሚያገኘው ፖሊስ፣ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ፣ የሚፈርድበት ዳኛና የሚታሰርበት ወህኒ ቤት በአብዛኛው የግዛቶቹ ናቸው። ስለዚህ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው መብት ሰው በጣም በሚፈልገው ቦታ አይደርስለትም ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ወጣ። ይህም ማንኛውም ግዛት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሰውን ሕይወት፣ ነጻነትና ንብረት እንዳይነካ ከለከለ። ፍርድ ቤቱ በዚህ ድንጋጌ መሠረት በ1897 የንብረት ካሳ በግዛቶችም ላይ እንዲጸና አደረገ፤ ከ1925 ጀምሮም የመናገር ነጻነት ግዛቶችን እንደሚያስገድድ ተቀበለ። የቀሩት መብቶች ግን በአብዛኛው ደጅ እንደጸኑ ነበሩ።

ብላክ በ1940 በፍሎሪዳ ግዛት ሞት የተፈረደባቸውን አራት ጥቁር ወጣቶች ጉዳይ የፍርድ ሐተታ ጻፉ። ወጣቶቹ ጭሰኞች ነበሩ። ያለ ማዘዣ ተይዘው፣ ከዘመድም ከጠበቃም ሳይገናኙ፣ ለቀናት ሲመረመሩ ከርመው በመጨረሻም ሌሊቱን ሙሉ ሲጠየቁ አድረው አመኑ። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። በቤሰመር ፖሊስ ጣቢያ ያዩት ግፍ በዚህ ፍርድ ምላሽ አገኘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ተሸነፉ። በሜሪላንድ ግዛት ስሚዝ ቤትስ የተባለ ሥራ የፈታ የእርሻ ቅጥረኛ በዝርፊያ ተከሶ ጠበቃ እንዲቆምለት ለመነ፤ ዳኛው ከለከለው። ራሱ ተከራክሮ የስምንት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስድስት ዳኞች ግዛቱ ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም ሲሉ፣ ብላክ ከሌሎች ሁለት ዳኞች ጋር ተቃወሙ። በድኽነቱ ምክንያት ያለ ጠበቃ የተፈረደበት ሰው ፍትሕ አገኘ ማለት አይቻልም የሚል አቋም ነበራቸው።

በ1947 አቋማቸውን በሙሉ የሚያሳይ የልዩነት ሐሳብ አሰፈሩ። የአሥራ አራተኛው ማሻሻያ አርቃቂዎች በምክር ቤት ያደረጉትን ክርክር አገላብጠው መርምረው፣ ዓላማው የመጀመሪያዎቹን ማሻሻያዎች በሙሉ በግዛቶች ላይ ማጽናት ነበር አሉ። በአምስት ለአራት ድምፅ ተረቱ። ፍርድ ቤቱ መብቶቹን በአንድ ጊዜ የመቀበሉን ሐሳብ ከዚያም በኋላ አልተቀበለውም፤ አንድ በአንድ ግን ማስገባቱን ቀጠለ።

የጠበቃው ጉዳይ ከ21 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ክላረንስ ጊድዮን የተባለ ድኻ ሰው በፍሎሪዳ አንድ የመጫወቻ ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ያለ ጠበቃ አምስት ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ከወህኒ ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በማርች 18 ቀን 1963 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው የቤትስን ፍርድ ሻሩ፤ ሐተታውን እንዲጽፉም የተመረጡት በቤትስ ጉዳይ የተሸነፉት ብላክ ነበሩ። ጊድዮን በዚያው ዓመት ጠበቃ ቆሞለት እንደገና ተዳኘ፤ በነጻም ተሰናበተ። ፍሎሪዳም ለድኾች የሚከራከሩ የመንግሥት ጠበቆች ቢሮ በሕግ አቋቋመች።

ብላክ ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም። በ1944 በጦርነቱ ወቅት የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቀያቸው እንዲነሡ የተላለፈውን ትእዛዝ የደገፈውን ፍርድ የጻፉት እርሳቸው ናቸው፤ ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። በ1954 የጥቁርና የነጭ ሕፃናት በተለያየ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በተወሰነው ፍርድ ሲስማሙ ደግሞ የትውልድ ቀያቸው ሰዎች ጠሏቸው።

ብላክ ለ34 ዓመታት በዳኝነት ሲያገለግሉ የሕገ መንግሥቱን ትንሽ ቅጂ ከኪሳቸው አይለዩም ነበር። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1971 ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከስምንት ቀን በኋላም በ85 ዓመታቸው አረፉ። የጀመሩት መንገድ ግን ቀጥሏል፤ ከመጠን ያለፈ የገንዘብ ቅጣትን የሚከለክለው ድንጋጌ ግዛቶችንም እንደሚያስገድድ የተወሰነው በ2019 ነው። በቤትስ ዘመን ለብቻው ችሎት ፊት ይቆም የነበረው የእርሻ ቅጥረኛ ዛሬ በማንኛውም የአሜሪካ ግዛት እስር በሚያስከትል ከባድ ወንጀል ቢከሰስና የሚከፍለው ቢያጣ፣ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ግዴታ አለበት።