ክንፍ አበጅቶ ጅራት የዘነጋው ዐባስ ኢብን ፊርናስ

ከአል ናህዳ ተነሥቶ ወደ ዱባዩ ኢብን ባቱታ የገበያ ማዕከል የዘለቀ ሰው፣ በአንደሉስ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ክንፍ ለብሶ የተንጠለጠለ የሰው ምስል ያያል። ይህ የዐባስ ኢብን ፊርናስ ምስል ነው።

ኢብን ፊርናስ በሮንዳ አካባቢ ከበርበር ወገን ተወልዶ በኮርዶባ ኖረ። ባለቅኔ ነበር፤ በአሚር ዐብዱረሕማን 2ኛና በልጃቸው በሙሐመድ ቤተ መንግሥት አገልግሏል። የውሃ ሰዓት ሠርቷል፤ ከድንጋይ መስተዋት የማውጣትን ዘዴ አስተምሯል፤ በቤቱም ኮከብና ደመና፣ መብረቅና ነጎድጓድ የሚታዩበት የሰማይ አምሳያ አቁሟል ይባላል።

ስሙን ያቆየለት ግን በስተእርጅናው የፈጸመው ድፍረት ነው። ገላውን በላባ ሸፍኖ፣ ሁለት ክንፍ አስሮ፣ ከከፍታ ላይ ራሱን ለአየር ሰጠ። ጥቂት የማይባል ርቀትም በረረ። መውረዱ ግን አልሆነለትም፤ ወድቆ ጀርባውን ተጎዳ። ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትረዳ ልብ አላለም ሲሉ ጸሐፍት ተችተውታል። ዛሬ በፓራግላይደር የሚበር ሰው መሬት ሊነካ ሲል የፍሬን ገመዶቹን ስቦ ፍጥነቱን ያበርዳል። ለኢብን ፊርናስ ይህን የሚያደርግለት አንዳች መሣሪያ አልነበረውም።

በረራውን በዝርዝር የተረከው የተለምሳኑ አል መቀሪ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ በመሆኑ ታሪኩን የሚጠራጠሩ አልጠፉም። ሆኖም በራሱ በኢብን ፊርናስ ዘመን የነበረው ባለቅኔ ሙእሚን ኢብን ሰዒድ በረራውን በስንኙ ጠቅሶታል። ይህ ሰው ወዳጁ ሳይሆን ነቃፊው ነበርና፣ በእኔ ግምት ምስክርነቱ ሚዛን ይደፋል።

ኢብን ፊርናስ ከአደጋው ተርፎ እ.ኤ.አ. በ887 ሞተ። በ1976 በጨረቃ ላይ የሚገኝ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ በስሙ ተሰይሟል።