ስሙን የሸጠው መካኒክ፦ ሉዊ ሼቭሮሌ

አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሏቸው ጡንቸኛ መኪናዎች አሉ። ነገራቸው ቀላል ነው፤ መካከለኛ መጠን ባላት መኪና ውስጥ ለትልቅ መኪና የሚሆን ከባድ ሞተር መግጠም። ከነዚህ አንዷ የ1970 ሞዴሏ ሼቬል ኤስ ኤስ ነች። ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ 7.4 ሊትር ሞተሯ እስከ 450 የፈረስ ጉልበት ነበረው። መኪናዋን የሠራው ኩባንያ የሚጠራው ግን በአንድ መካኒክ ስም ነው።

ሉዊ ሼቭሮሌ የተወለደው በ1878 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በስዊዘርላንድ፣ ላ ሾ ደ ፎን ከተማ ነው። አባቱ ሰዓት ሠሪ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ከሄደ በኋላ ልጁ ብስክሌት መጠገንና መወዳደር ያዘ። በ1900 ውቅያኖስ ተሻግሮ ካናዳ፣ ከዚያም ኒውዮርክ ገባ። በ1905 በፊያት መኪና መወዳደር ጀመረ፤ ቀጥሎም ለቢዊክ ነዳ። የቢዊክ አለቃ ከነበረው ከበርቴ ከዊልያም ዱራንት ጋር የተገናኘው በዚሁ ሥራ ነው።

ሁለቱ በ1911 ዲትሮይት ላይ የሼቭሮሌን ኩባንያ አቋቋሙ። ገንዘቡና ንግዱ የዱራንት፣ ስሙና የእጅ ሙያው የሉዊ ነበር። የመጀመሪያዋ መኪና «ክላሲክ ሲክስ» 6 ሲሊንደርና 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ዋጋዋ ግን 2150 ዶላር! በዚህ ገንዘብ ከሁለት የበለጡ የፎርድ ሞዴል ቲ መኪናዎች ይገዙ ነበር።

ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው። ዱራንት ለብዙ ሰው የሚሸጥ ርካሽ መኪና ፈለገ፤ ሉዊ በበኩሉ በስሙ የምትጠራ መኪና ጠንካራና ፈጣን እንድትሆን ይሻ ነበር። አልተስማሙም። በ1913 ሉዊ ኩባንያውን ለቀቀ፤ ድርሻውንም ሸጠ። ስሙ እዚያው ቀረ። እውነቱን ለመናገር በንግዱ በኩል ዱራንት አልተሳሳተም። በ1915 የወጣችው «490» የተባለችው ዋጋዋ 490 ዶላር ስለ ነበር ነው፤ እንደ ጉድ ተሸጠች። በ1918 ኩባንያው የጄኔራል ሞተርስ ሆነ፤ ከዚያ ሁሉ ሀብት ለሉዊ የደረሰው የለም።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከወንድሞቹ ከአርተርና ከጋስቶን ጋር ሆኖ «ፍሮንቴናክ» የተባሉ የውድድር መኪናዎችን ሠራ። ጋስቶን በ1920 የኢንዲያናፖሊስን 500 ማይል አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲወዳደር ሞተ። ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመት የሉዊ መኪና እዚያው ኢንዲያናፖሊስ ላይ ደግማ አሸነፈች።

ከዚያማ ፊቱን ወደዚያች ተራ ፎርድ ሞዴል ቲ አዞረ። የሞዴል ቲ ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን ስለ ነበሩ የቤንዚንና የአየሩ ቅልቅል ተጠማዝዞ ነበር የሚገባው፤ ጉልበቱም 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ። እነሉዊ ቫልቮቹ ከፒስተኑ በላይ የሚሆኑበት ቴስታታ ሠርተው ሸጡ። የድሮው ተፈትቶ ይህ ሲታሰር ቅልቅሉ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል። እንዲህ የተሠራች ፎርድ በ1923 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከውድ የውድድር መኪናዎች ጋር ተሰልፋ 5ኛ ወጣች እኮ! ተራ መኪና ገዝቶ ሞተሩን ማጎልበት ለጡንቸኞቹ መኪናዎች መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ነው።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሉዊ እጁ አጥሮት በራሱ ስም በሚጠራው ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠራ። ዱራንትም ቢሆን በ1936 ከስሯል። ኩባንያው ቫልቮቹ ከላይ የሆኑትን ዝነኛ ቪ8 ሞተሩን በ1955 ሞዴሎቹ ላይ ሲያወጣ ሉዊ አላየውም። በ1941 ዲትሮይት ውስጥ ሞቶ ነበር። የተቀበረው ኢንዲያናፖሊስ፣ ከጋስቶን አጠገብ ነው።