ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የወፍ ዋሻ ጥድ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በታሪክ ስማቸው የሚጠራው በጦርነት፣ በሃይማኖት ጉባኤና በደረሷቸው መጻሕፍት ነው። ዳሩ ግን ከስማቸው ጋር ተያይዘው ከሚነሡት ሥራዎች መካከል፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ገብቶ ሊደሰትበት የሚችል አንድ ደን አለ። የዚህም ደን ዘር የተወሰደው ከጀውሃና ከሸዋ ሮቢት በላይ ካለው ደጋ ነው እየተባለ ስለሚነገር፣ ታሪካቸውን ባጭሩ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ዘርዐ ያዕቆብ ከአባታቸው ከዐፄ ዳዊትና ከእናታቸው ከእግዚእ ክብራ በ1391 ዓ.ም. በፈጠጋር ተወለዱ። የነገሥታት ልጆች በዐምባ ግሸን ተጠብቀው እንዲኖሩ የዘመኑ ሥርዓት ስለ ነበረ፣ እርሳቸውም ከዐምባው ወርደው የነገሡት በ1426 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ወደ አክሱም ሄደው የዘውድ ሥርዓታቸውን ፈጸሙ።

በ1438 ዓ.ም. ጎሚት በተባለ ስፍራ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አደረጉ። በድላይም ትውልዱ ከይፋት ገዢዎች ከወላስማ ቤት ነበር። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው፣ ስለ ቅዳሜ ሰንበት አከባበር ተለያይተው የነበሩትን መነኮሳት አስታረቁ። መጽሐፈ ብርሃንን የመሳሰሉ ድርሳናትም በስማቸው ይታወቃሉ። ይሁን እንጂ ንጉሡ ጽኑ ቀጪ ነበሩ። ጣዖት አምልከዋል ወይም አሢረዋል ተብለው የተከሰሱትን፣ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር፣ በብርቱ ቀጥተዋል።

በመጨረሻው ዘመናቸው፣ በሰማይ ላይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ከተማ ቆርቁረው ደብረ ብርሃን አሉት፤ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥትም አሠሩበት። ያረፉትም በዚያው በ1460 ዓ.ም. ነው።

ስለ ደኑ የሚነገረው ይህ ነው። ከዛሬዋ አዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የወጨጫ ተራራ ደኑ እየተመናመነ መሄዱ ንጉሡን አሳሰባቸው። ስለዚህ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ካለው ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስለቅመው፣ ብዙ ቀን በሚያስኬድ መንገድ አስወስደው በወጨጫ አስተከሉ። ይህም ዛሬ የመናገሻ ሱባ ደን የሚባለው ነው።

በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ገና አልነበረችም። ከተማዪቱ የተቆረቆረችው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሞት 419 ዓመት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ቆይቶም በዙሪያዋ ያለው እንጨት ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስላለቀ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ በቶሎ ባይደርስላት ኖሮ ከተማዪቱ ዛፍ በማጣት ብቻ ልትለቀቅ ነበር ማለት ነው። የመናገሻ ደን ግን በዐፄ ምኒልክም ትእዛዝ ይጠበቅ ስለ ነበረ ከጥፋት ተረፈ። ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው ከአቧራና ከጫጫታ ሲሰለች በመናገሻ ጥድና ዝግባ ሥር በእግሩ ይሄዳል፤ ጉሬዛውንና ድኩላውን ያያል፤ ንጹሕ አየር ተንፍሶ ይመለሳል።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መትከል የአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ መጠበቅ ግን ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ትውልድ ሰዎች ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ዘር የሰጠው ደጋ ራሱ እንዳይራቆት ማሰብ ይገባል። የወፍ ዋሻ ደን በመጥረቢያ ካለቀ ምንጩ ይደርቃል፤ ክረምት በመጣ ጊዜም ጎርፉ የሚወርደው ወደ ቆላው ነው።

አገራችን ቆላ ስለ ሆነ ጥድ አይበቅልበትም። ነገር ግን ዋርካው፣ ሾላውና ግራሩ የእኛው ናቸው። ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ እየሰፉ ሲሄዱ፣ ቤት ሁሉን ቦታ ከመያዙ በፊት ሕዝብ የሚያርፍበትና ልጆች የሚጫወቱበት የጥላ ስፍራ ካልተከለለ፣ በኋላ በገንዘብ ብዛት አይገኝም። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በየክረምቱ የምንተክለውን ችግኝ በበጋው ውሃ አንንፈገው። ጥላውን እኛ ባንቀመጥበት፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ይቀመጥበታል።