የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ

የብዙ ሊቃውንት ሥራ ሲታወቅ ስማቸው ይረሳል፤ የአለቃ ገብረ ሐና ግን ስማቸው ታውቆ ሥራቸው ተረስቷል። ከገጠር ጎጆ ጀምሮ እስከ መርካቶ ሱቅ ድረስ በቀልዳቸው የማይስቅ ሰው የለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ትተውት የሄዱትን ሀብት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ታሪካቸውን በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በ1810ዎቹ ዓ.ም. ገደማ፣ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ ባለው በፎገራ አገር ነው። ፎገራ ሜዳው የሰፋ፣ ከብቱ የተመሰገነ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት አገር ነው። በባሕሩ ዳር ደንገል ይበቅላል፤ ሰውም ከደንገሉ ታንኳ ሠርቶ ይቀዝፍበታል። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጎንደር ሄዱና ትምህርታቸውን ፈጽመው በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን መምህር ሆኑ። በቅኔና በፍትሐ ነገሥት ዕውቀታቸውም ስማቸው ወጣ።

ዳሩ ግን ምላሳቸው ትልቅም ትንሽም የማይምር ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከንጉሡ ጋር በቀልዳቸው ምክንያት ተጣልተው ወደ ጣና ደሴት ገቡ ይባላል። በዚያም ተቀምጠው ማዕበሉ ሲመጣና ሲመለስ፣ ደንገሉም በነፋስ ሲዘነበልና ቀና ሲል አዩ። መቋሚያቸውንም ይዘው የመዘምራኑ ሰውነት እንዲሁ ከዜማው ጋር ዝግ ብሎ ወዲያና ወዲህ እንዲል አዲስ አቋቋም አወጡ። አባቶች ለልጆች ሲነግሩ የኖሩት ይህ ነው።

ወደ ጎንደር ተመልሰው ሥራቸውን ባሳዩ ጊዜ ግን ሊቃውንቱ አልተቀበሏቸውም። ከጥንት የተቀበልነው ሥርዓት አለና አዲስ ነገር አንሻም አሉ። አለቃም የሚያምኑበትን ሥራ ሳይጥሉ ልጃቸውን ተክሌን በጥንቃቄ አስተማሩት። ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር ወስዶ አስፋፋው፤ ደብረ ታቦር ኢየሱስም የዚህ አቋቋም ዋና ትምህርት ቤት ሆነ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የተክሌ አቋቋም ይባላል። አገር ሁሉ ስማቸውን የሚጠራው አባት፣ ከሥራቸው ሁሉ የበለጠው በልጃቸው ስም ተጠራ።

አለቃ ዐፄ ዮሐንስንም ዐፄ ምኒልክንም ደርሰው፣ ብዙ ዘመን ኖረው በ1890ዎቹ ዓ.ም. ዐረፉ።

ስለ እርሳቸው ከሚተረተው አንዱ የባለ አህያዋ ሴት ነገር ነው። አለቃ በመንገድ አንዲት ሴት አህዮቿን ስትነዳ አገኟትና የአህዮች እናት ብለው ሰላምታ ሰጧት። ሴትዮዋም ሳትቈጣ ልጄ ብላ ሰላምታቸውን መለሰችላቸው፤ አለቃም ዝም ብለው አለፉ። ሕዝቡ ይህን የሚወድበት ምክንያት ግልጥ ነው። ነገሥታትን የረታው ሊቅ ጭነት በምትነዳ በአንዲት የባላገር ሴት ተረታ፤ ጥበብም በትምህርት ቤት ብቻ እንደማትገኝ ታወቀ።

የገበያው ስፍራ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከአራዳ ወደዚህ ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ከጎንደርና ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ፣ ከጉራጌም አገር የመጣ ሰው ከሸቀጡ ጋር የአገሩን ተረት ይዞ መጥቷል። ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ተሰጠ፤ በእርሳቸው ስም የሚነገረው ከእርሳቸው አፍ የወጣ ብቻ አይደለም። ይህም ክብር ነው፤ ነገር ግን ቀልዱ በበዛ ቍጥር ሊቁ እየተሸፈኑ ሄዱ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። ሽማግሌዎች ከየአገራችሁ ያመጣችሁትን ተረት ከየትና ከማን እንደሰማችሁት ጨምራችሁ ለልጆቻችሁ አጽፉ፤ ያልተጻፈ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና። ደግሞም በጥምቀት ቀን ታቦቱ ወጥቶ መዘምራኑ በተክሌ አቋቋም መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ልጆቻችሁን አቅርባችሁ አሳዩአቸው። ያ የምትስቁባቸው ሰው በጎንደር ሳይቀበሉት የቀረ ሥራ ይህ ነው ብላችሁ ንገሯቸው።