አሕመድ ኢብን ማጂድ፦ የነፋሱን ቀን የቆጠሩ መርከበኛ

በሸራ ዘመን በህንድ ውቅያኖስ ላይ የጥቂት ሳምንታት መዘግየት መርከብን ከነጭነቱና ከነሰዉ ያስጠፋ ነበር። መቼ መነሣት፣ መቼስ ወደብ ይዞ መቆየት እንደሚገባ ቆጥረው በጽሑፍ ካቆዩልን ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሺሃቡዲን አሕመድ ኢብን ማጂድ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

የተወለዱት በ9ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን፣ በዛሬዋ ራስ አል ኸይማ አካባቢ በነበረችው በጁልፋር ነው። አያታቸውም አባታቸውም ሙዐሊም፣ ማለትም የመርከብ መሪዎች ነበሩ፤ ቤተሰቡ በይበልጥ የታወቀውም በቀይ ባሕር ነው። አባታቸው ስለ ሒጃዝ የባሕር መንገድ ከ1000 በላይ ስንኞች ያሉት ግጥም ትተው አለፉ። ልጃቸው ሥራውን አክብረው ያዙት፤ ነገር ግን በራሳቸው ጉዞ እየፈተኑ አረሙት።

እርሳቸውም በ866 ሂጅራ (1462) ስለ ባሕር ዕውቀት መሠረቶች ረጅም ግጥም ጻፉ። በ895 ሂጅራ (1490) ገደማ ደግሞ 12 ክፍሎች ያሉትን ኪታብ አል ፈዋኢድን በስድ ንባብ አዘጋጁ፤ የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀይ ባሕር ነው። አብዛኛው ሥራቸው ግጥም መሆኑ አያስገርምም። በወሎ ሐሪማዎች ደረሳ መትኑን በቃሉ እንደሚይዝ ሁሉ፣ በጨለማ መርከብ የሚመራ ሰውም መጽሐፍ መግለጥ አይችልምና ዕውቀቱን በቃሉ መያዝ ነበረበት።

ኢብን ማጂድ የባሕርን ሙቀት የሚለኩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። ነፋሱ የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን ጊዜ ግን ከነይሩዝ ጀምረው በቀን ቁጥር ያስቀምጡ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ ታውቋል። ከሚያዝያ ጀምሮ የእስያ ምድር ከውቅያኖሱ ፈጥኖ ይግላል፤ በላዩ ያለው አየር ቀልሎ ሲነሣ የባሕሩ አየር እርጥበቱን ተሸክሞ ከደቡብ ምዕራብ ይተካዋል። መርከበኞቹ ከውስ የሚሉት ይህን ነፋስ ነው። ከሞቃቱ ባሕር የተነሣው እንፋሎት ማላባር ደርሶ ከጋት ተራሮች ጋር ሲጋጭ፣ ከሰኔ ጀምሮ ዶፍ ሆኖ ይወርዳል። ያን ጊዜ የህንድ ምዕራባዊ ወደቦች ይዘጉ ነበር። ስለዚህ ከዐረብ ምድር ወደ ህንድ የሚሻገር ሰው በከውስ መጀመሪያ ወይም ማብቂያ ላይ እንጂ በመካከሉ አይነሣም። ምድሩ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ አዝየብ ይሆንና መርከቦችን ወደ ዐረብና ወደ አፍሪቃ ይመልሳል።

የበለጠ የሚያስደንቀው ያው ከውስ በወዲያኛው ዳርቻ የሚሠራው ሥራ ነው። በሶማሊያና በዙፋር ዳርቻ ጎን ለጎን ሲነፍስ የላዩን ሞቃት ውሃ ወደ መካከለኛው ባሕር ይገፋዋል፤ በቦታውም ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ከቀዝቃዛ ባሕር በላይ ዶፍ የሚያዘንብ ከፍ ያለ ደመና አያድግም። ማላባር በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የሶማሊያ ዳርቻ ደርቆ ይቆያል፤ ሰላላ ደግሞ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም በጉምና በካፊያ ተሸፍና ተራሮቿ ይለመልማሉ። ኸሪፍ የሚባለው ወቅት ይኸው ነው።

ኢብን ማጂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ አረፉ። ስማቸው ግን ዕረፍት አላገኘም። በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማን ከማሊንዲ ወደ ካሊከት የመሩት እርሳቸው ናቸው የሚለውን ወሬ የጻፈው፣ ዘመናት ቆይቶ የመጣው የመካው ታሪክ ጸሐፊ ቁጥቡዲን አል ነህረዋሊ ነው። የፖርቱጋል ምንጮች መሪው የጉጃራት ሰው እንደነበረ ይናገራሉ፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ክሱን አይቀበሉትም። የመነሻው ቀን ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል። መርከቦቹ ከማሊንዲ የተነሡት በሚያዝያ 24 ነው፤ ካሊከት የደረሱትም ከውስ ወደቦቹን ሳይዘጋ በግንቦት 20 ገደማ ነበር። ይህን ጊዜ መምረጥ በዚያ ዳርቻ ላለ ማንኛውም ሙዐሊም የታወቀ ነገር ነበርና የአንድ ሰው ምስጢር አሳልፎ መስጠት አያስፈልገውም።

ሲመለሱ ግን ፖርቱጋሎቹ አዝየብን ሳይጠብቁ በጥቅምት መጀመሪያ ከህንድ ዳርቻ ተነሡ። በአንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ያቋረጡት ባሕር ሦስት ወር ገደማ ፈጀባቸው፤ ብዙ መርከበኞችም በሕመም አልቀው ባሕር ላይ ቀሩ።