ጂኖ ባርታሊ፣ ብስክሌተኛው ምእመን

የቱምን ዳገት በብስክሌት የሞከረ ወጣት የዚህን ሰው ድካም ይረዳዋል። ጣሊያናዊው ጂኖ ባርታሊ እ.ኤ.አ. በ1914 በፍሎረንስ አጠገብ ተወለደ። በ1936 ታናሽ ወንድሙ ጁሊዮ በብስክሌት ውድድር ላይ ደርሶበት በነበረው አደጋ ሲሞት ስፖርቱን ሊተው ምንም አልቀረውም ነበር። ሆኖም በጸሎት ተጽናንቶ ተመለሰ፤ ምእመናን የሚገቡበት የቀርሜሎስ ሦስተኛ ማኅበር አባልም ሆነ። ታላቁን የፈረንሳይ ዙር በ1938 እና በ1948 አሸነፈ።

እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን በሁለቱ ድሎች መካከል የነዳው ነው። ጀርመኖች በ1943 ጣሊያንን በያዙ ጊዜ የፍሎረንሱ ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ ካርዲናል ኤልያ ዳላ ኮስታ ለሚሳደዱት አይሁድ መጠጊያ ያዘጋጁ ነበር። ባርታሊም ለውድድር የሚለማመድ መስሎ፣ ሕይወት አድን የሆኑ ሐሰተኛ መታወቂያዎችን በብስክሌቱ ቧንቧ ውስጥ ደብቆ ያመላልስ ነበር። ሚስትና ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ነው፤ ቢያዝ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ቁጡና ማጉረምረም የሚያበዛ ሰው እንደ ነበረም አንሸሽግም።

ያድ ቫሼም የተባለው የኢየሩሳሌም መታሰቢያ ተቋም ባርታሊን ያከበረው ካረፈ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። እርሱ ግን በሕይወቱ ሳለ ለልጁ ለአንድሬያ ጥቂት አጫውቶት፣ ለማንም እንዳይናገር አደራ ብሎት ነበር።