ባሮኑና የሪሾን ወይን ጠጅ

ከአሽዶድ በባቡር ወደ ቴል አቪቭ ለትምህርት የምንመላለስ ተማሪዎች ሪሾን ለጽዮንን በየጊዜው እናልፋታለን። በዚያች ከተማ ታላቁን የወይን ጠጅ ፋብሪካ ያሠሩትን ሰው ግን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በመንገድ ስም ብቻ ነው።

ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ እ.ኤ.አ. በ1845 ፓሪስ አጠገብ ከታወቀ የባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ጄምስ በ1868 በቦርዶ አካባቢ ሻቶ ላፊት የተባለውን የወይን እርሻ ገዙ። በዚያው ዓመት ስላረፉ እርሻው ለሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ተላለፈ፤ አንዱ ኤድሞን ነበሩ።

በ1882 ሪሾንን የመሠረቱት ስደተኞች ውሃ አጥተው ሲቸገሩ ባሮኑ ለጉድጓድ የሚሆን ገንዘብ ሰጧቸው። ቀጥለውም የፈረንሳይ የወይን ችግኝና ባለሙያ ላኩ፤ በሪሾን፣ ኋላም በአባታቸው ስም በተሰየመችው በዝኽሮን ያዕቆብ ትልልቅ ፋብሪካዎች አሠሩ። በዚህ አገር ወይን የሚለቀመው በሙቀት ወራት ነው። ጭማቂው ሲፈላ ደግሞ ራሱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ እርሾው ይሞትና ወይን ጠጁ ይበላሻል። ስለዚህ ቀዝቀዝ እንዲል ከመሬት በታች ጥልቅ ምድር ቤት ተቆፈረ። በ1890ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የወይኑን ሥር ሲያጠፋ፣ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩ ቅርንጫፍ እየተቀጠለ እንደገና ተተከለ።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ የመጣው ከሹሞች ጋር ነው። ምን እንደሚተከልና ማን ድጎማ እንደሚያገኝ የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። በ1887 የሪሾን ገበሬዎች በሹሙ ላይ ተነሡ፤ ባሮኑ ግን ከሹማቸው ጎን ቆሙ። ወይኑንም ከገበያ ዋጋ በላይ ይገዙ ስለነበር ገበሬው ወይን ብቻ ማምረት ያዘ፤ ወይን ጠጁም ተትረፍርፎ ገዢ አጣ። በ1900 ባሮኑ የሰፈሮቹን አስተዳደር ይካ ለተባለ ማኅበር አስረከቡ። በ1906 ደግሞ የወይን ገበሬዎቹ በራሳቸው ማኅበር ተደራጅተው ፋብሪካዎቹን ማስተዳደር ጀመሩ።

የእኛም ታሪክ ከእኚህ ሰው ጋር ይገናኛል። በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች ቤተ እስራኤልን ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዙ ገንዘቡን የሰጡት ባሮኑ ናቸው። ከዚያ ጉዞ ወደ አውሮፓ ከመጡት ሁለት ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ፤ ኋላ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች የተማሩበትን ትምህርት ቤት መሩ።

ባሮኑ በ1934 በፈረንሳይ አረፉ። በ1954 አጽማቸው ከባለቤታቸው ጋር መጥቶ በዝኽሮን ያዕቆብ አጠገብ በራማት ሃናዲቭ ተቀበረ።

ሶሻል ወርክ የምንማረው ልጆች ይህን ስናነብ የወላጆቻችን መርካዝ ክሊታ ትዝ ይለናል። ቤት ተሰጣቸው፣ ቋንቋ ተማሩ፤ ልጆቻቸው የት እንደሚማሩ ግን ብዙ ጊዜ የወሰነላቸው ሌላ ሰው ነበር። ውለታው አይካድም። ነገ እኛ በተራችን ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ስንቀመጥ፣ ፊታችን ያለው ቤተሰብ ስለራሱ ኑሮ መወሰን እንደሚችል አንርሳ። የሪሾን ገበሬዎች ያንን ለማግኘት ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።